ፈረሱን የሚያቆመው ማን ነው?

 

በዚህ ወር ዓምዳችን ወጣቶች በቴሌቪዥን ሲያዩት ዓይናቸውን ስለሚማርከው፣ ብዙ ወላጆች ግን «የቁማር ነገር ነው» ብለው ስለሚያልፉት ጉዳይ እንጨዋወታለን። ጉዳዩ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። በተለይም በአሜሪካ ለኬንታኪ ደርቢ የሚታጩ የሦስት ዓመት ፈረሶች በጸደይ ወራት የሚያልፉበትን የማጣሪያ ጉዞ እንመለከታለን። (ዘመኑና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

«ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጅ የሚያሳድግ ቤት ሁሉ የሚጋፈጠው አንድ ጭንቀት አለ። ተሰጥኦ ያለው ታዳጊ መቼ ይበረታታል? መቼስ ይቆማል? «ዛሬ ይብቃው» የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ይህ ጭንቀት በየጸደዩ በፈረስ ጋጣ ደጃፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሁሉም ልደት በአንድ ቀን

ነገሩ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ያሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሁሉ ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የተወለደውም፣ በሜይ ማብቂያ የተወለደውም በአንድ ቀን ሦስት ዓመት «ሞላቸው» ይባላል። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ስለሆነ፣ አርቢዎች ውርንጭላው ከዓመቱ መባቻ ብዙ ሳይርቅ እንዲወለድ ይጥራሉ። በሜይ የተወለደ ፈረስ ከእርሱ በሦስትና በአራት ወር ከሚበልጡት ጋር እኩል ይሰለፋልና።

አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ተቀምጠው አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ። የዘገየው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ አንዳንዱ ገና አልደረሰም።

እነዚህ ፈረሶች ቶሮብሬድ የተባለው ዝርያ ናቸው። ዝርያው የተገኘው በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ በአባት በኩል ያለው የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከምሥራቅ ከመጡ ሦስት ድንጉላዎች ነው። ከሦስቱ አንዱ ቶማስ ዳርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሶርያ በሐለብ ከተማ ገዝቶ በ1704 ወደ አገሩ የላከው የዐረብ ፈረስ ነው። ሌላው ጎዶልፊን የሚባለው ነው። የዱባዩ ገዥ ሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ አል መክቱም የፈረስ ድርጅታቸውን ጎዶልፊን ብለው የሰየሙት በዚሁ ፈረስ ስም ነው። ከምሥራቅ ወጥቶ እንግሊዝ የገባው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ አንድ ቅዳሜ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች

የኬንታኪ ደርቢ የተጀመረው በ1875 ነው። በየዓመቱ በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በሉዊቪል ከተማ ቸርችል ዳውንስ በተባለው ሜዳ ይካሄዳል። ርቀቱ 2 ሺህ ሜትር ያህል ነው። የሚሰለፉት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ሲሆኑ ከ20 አይበልጡም። በየዓመቱ ከሚወለዱት ብዙ ሺህ ቶሮብሬዶች መካከል እነዚህን 20 ለመለየት ከ2013 ወዲህ የነጥብ አሠራር ተዘርግቷል።

ነጥቡ የሚሰበሰበው በማጣሪያ ውድድሮች ነው። በፍሎሪዳ «ፋውንቴን ኦፍ ዩዝ» እና «ፍሎሪዳ ደርቢ»፣ በኒው ኦርሊንስ «ሉዊዚያና ደርቢ»፣ በሆት ስፕሪንግስ «አርካንሳ ደርቢ»፣ በካሊፎርኒያ «ሳንታ አኒታ ደርቢ»፣ በሌክሲንግተን «ብሉ ግራስ»፣ በኒው ዮርክ «ውድ ሜሞሪያል» ይካሄዳሉ። ከባሕር ማዶ ደግሞ በዱባይ ሜይዳን ሜዳ የሚደረገው «ዩ.ኤ.ኢ. ደርቢ» አለ። በ2025 የጸደይ ወቅት በትልልቆቹ ማጣሪያዎች ለአሸናፊው 100፣ ለሁለተኛው 50 ነጥብ ይሰጥ ነበር።

ርቀቱም እንደ መሰላል ነው። በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ 1 ሺህ 700 ሜትር ያህል፣ በማርች ማብቂያና በኤፕሪል 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል፣ በመጨረሻም 2 ሺህ ሜትር ይሆናል። በየደረጃው የሚጨመረው መጠን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ1 ሺህ 700 ሜትር አንደኛ የነበረ ፈረስ በመጨረሻው 200 ሜትር እግሩ እንደ እርሳስ ሲከብድበት ብዙ ጊዜ ታይቷል።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። ይህ ዕድል በአንድ ፈረስ ዕድሜ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ያመለጠው ፈረስ ለከርሞ አራት ዓመት ስለሚሞላው አይፈቀድለትም። ከ2024 ጀምሮ የደርቢው ሽልማት 5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ያሸነፈ ድንጉላ በኋላ ለዘር ሲፈለግ የሚያስገኘው ገንዘብ ከሽልማቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በኤፕሪል ወር ነጥብ የጎደለው ባለቤት፣ ፈረሱ ደክሞት እንኳ ቢሆን «አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክረው» ለማለት ይፈተናል።

ከጉልበቱ በታች

ይህ ፈተና አደገኛ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የፈረሱን እግር ማወቅ ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን የደረሰ ቶሮብሬድ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሲጋልብ በየእርምጃው አንድ እግር ብቻውን መላ ሰውነቱን የሚሸከምበት ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚቀበለው ጫና ከፈረሱ ክብደት በእጥፍ ይበልጣል። ከጉልበት በታች ደግሞ ጡንቻ የለም፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው።

አጥንት ሕይወት የሌለው ምሰሶ አይደለም። በፍጥነት ሲሮጥበት ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ ሰውነትም የተጎዳውን ክፍል አፍርሶ በአዲስና በጠንካራ አጥንት ይተካዋል። ስለዚህ ወጣት ፈረስ በመጠኑ መሮጡ ይጠቅመዋል፤ ጭራሽ የማይሮጥ ፈረስ አጥንቱ አይጠነክርም። ችግሩ ማፍረሱ ፈጥኖ ሲያልቅ መገንባቱ ከዚያ የረዘመ ጊዜ መውሰዱ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ አጥንቱ ከወትሮው ይደክማል። በሜዳ ላይ በድንገት የደረሰ የሚመስል ስብራት ብዙ ጊዜ ቀድሞ በነበረና ባልታየ ጉዳት ላይ የሚመጣ መሆኑን የእንስሳት ሐኪሞች ምርመራ አሳይቷል።

ጎበዝ አሰልጣኝ ይህን ስለሚያውቅ ጎሕ ሲቀድ ጋጣው ይደርሳል። በመጀመሪያ መኖው ማለቁን ያያል፤ መኖውን የተወ ፈረስ አንድ ነገር ሆኗልና። ቀጥሎ በእጁ እግሮቹን ከላይ እስከ ታች እየዳበሰ ትኩሳት ይፈልጋል። ከዚያ በሶምሶማ ያስኬደዋል። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ፈረስ አፍ የለውም እንላለን እንጂ ማየት ለሚችል ሰው ብዙ ይናገራል።

ማቆም ያቃተበትና የተቻለበት ጊዜ

ያለፉት ዓመታት ታሪክ ይህን ይመሰክራል። በ2008 ኤይት ቤልስ የተባለች ሴት ፈረስ በደርቢው ከወንዶቹ ጋር ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። የመጨረሻውን መስመር ካለፈች በኋላ ሁለቱ የፊት እግሮቿ ተሰብረው ወደቀች፤ ሐኪሞችም ከሥቃይ ሊገላግሏት እዚያው ሜዳው ላይ እንድትሞት አደረጉ። በ2023 የጸደይ ወቅት ደግሞ በቸርችል ዳውንስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 12 ፈረሶች ሞቱ። ሜዳው በጁን ወር ውድድሩን አቋርጦ ወደ ሌላ ሥፍራ ለማዛወር ተገደደ።

በዚያው በ2023 ግን ሌላም ነገር ሆኗል። ፎርቴ የተባለው ፈረስ «ፋውንቴን ኦፍ ዩዝ»ንም «ፍሎሪዳ ደርቢ»ንም አሸንፎ ነበር። ለደርቢውም ከሁሉ የላቀ ግምት የተሰጠው እርሱ ነበር። በውድድሩ ዕለት ጠዋት የክፍለ ግዛቷ የእንስሳት ሐኪም መርምሮት የቀኝ የፊት ሰኮናው ስለተጎዳ እንዳይሮጥ ከለከለ። ባለቤቶቹ አዘኑ፤ የዓመታት ድካማቸው በአንድ ጠዋት ቀረ። ነገር ግን ፈረሱ በሕይወት ቀረ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤልሞንት በተባለው ታላቅ ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ በበጋውም ሌላ ውድድር አሸነፈ።

ያን ቀን ደርቢውን ያሸነፈው ሜጅ የተባለ ፈረስ ነው። ሜጅ በሁለት ዓመቱ አንድም ጊዜ አልተወዳደረም ነበር። በሁለት ዓመቱ ሳይወዳደር ደርቢውን ያሸነፈ ፈረስ ከእርሱ በፊት ሁለት ብቻ ነው፤ በ1882 አፖሎ፣ በ2018 ጀስቲፋይ። ዘግይቶ የጀመረ ሁሉ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ዘግይቶ መጀመር ግን በሩን ጨርሶ እንደማይዘጋ ከዚህ እንረዳለን።

የሶቨረንቲ ጸደይ

አሁን አንድ ፈረስ እንከተል። ስሙ ሶቨረንቲ ነው፤ ሉዓላዊነት ማለት ነው። ቀለሙ ዳማ፣ ባለቤቱ ጎዶልፊን፣ አሰልጣኙ ቢል ማት ነው። ይህ አሰልጣኝ በ1996 የመጀመሪያውን የዱባይ የዓለም ዋንጫ ያሸነፈውን ሲጋር የተባለውን ፈረስ ያሠለጠነ አንጋፋ ሰው ነው።

ሶቨረንቲ በሁለት ዓመቱ የመጀመሪያ ሁለት ውድድሮቹን ተሸነፈ። በሦስተኛው፣ በኦክቶበር 2024፣ በቸርችል ዳውንስ አሸነፈ። አሰልጣኙ ግን ድሉን አይቶ አልተጣደፈም። ለአራት ወር ያህል ከውድድር አራቀው። በማርች 1 ቀን 2025 ለ«ፋውንቴን ኦፍ ዩዝ» ተሰለፈ፤ ከኋላ ተነስቶ በመጨረሻው እርምጃ መሪውን ቀደመ። በወሩ ማብቂያ በ«ፍሎሪዳ ደርቢ» ታፓን ስትሪት በተባለ ፈረስ ተቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ጋላቢው ጁኒየር አልቫራዶ ተጎድቶ ስለነበር ያን ቀን የጋለበው ሌላ ሰው ነው።

ብዙ ተመልካች በዚህ ሽንፈት ፈረሱን ናቀው። ነገር ግን ነጥቡ ሞልቶለት ስለነበር ሌላ ውድድር ሳይጨመርበት ለአምስት ሳምንት በእርጋታ ተዘጋጀ። በፍሎሪዳ ያሸነፈው ታፓን ስትሪት በበኩሉ ደርቢው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በልምምድ ላይ አጥንቱ ተሰብሮ ቀረ። በጸደይ የዛሬ አንደኛ የነገ ዋስትና የለውም።

በሜይ 3 ቀን 2025 ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት ነበር። ትልቅ ግምት የተሰጠው የ«ሳንታ አኒታ ደርቢ» አሸናፊ ጆርናሊዝም ነው። ሶቨረንቲ ከኋላ መጥቶ እርሱን በአንድ ፈረስ ተኩል ርዝመት ቀደመው። ጎዶልፊን ከ1999 ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ደርቢ በዚህ ቀን አገኘ።

የታሪኩ ትልቁ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ደርቢውን ያሸነፈ ፈረስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሪክነስ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤልሞንት በተባሉት ውድድሮች ይሰለፋል። ሦስቱንም ያሸነፉት በታሪክ 13 ፈረሶች ብቻ ሲሆኑ የመጨረሻው በ2018 ጀስቲፋይ ነው። ሕዝብ ይጠብቃል፣ ጋዜጦች ይጽፋሉ። ቢል ማትና የጎዶልፊን ሰዎች ግን ከደርቢው ጥቂት ቀናት በኋላ ሶቨረንቲ በፕሪክነስ እንደማይሮጥ አስታወቁ። የጊዜው ልዩነት አጭር ነው፤ ፈረሱ ረዥም ዕድሜ እንዲኖረው እንሻለን አሉ። ቅሬታው ብዙ ነበር። ፕሪክነስን ጆርናሊዝም አሸነፈ። በጁን 7 በቤልሞንት ሁለቱ እንደገና ሲገናኙ ግን ያረፈው ሶቨረንቲ አሸነፈ፤ በኦገስት ደግሞ ትራቨርስ የተባለውን ውድድር በ10 ፈረስ ርዝመት ወሰደ። በዓመቱ ማብቂያ ለታላቁ ውድድር ሊሰለፍ ሲል ትኩሳት ስለያዘው አሰልጣኙ ዳግመኛ አስቀረው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል። በእርግጥ ማቆም ሁልጊዜ በድል አይካስም። ሶቨረንቲ በቤልሞንት ቢሸነፍ ኖሮ ሰው ሁሉ በአሰልጣኙ ላይ ያላግጥ ነበር። ውሳኔው ግን በተወሰነበት ቀን ትክክል ነበር። ምክንያቱም የተመዘነው በፈረሱ ጤና እንጂ በሚመጣው ውጤት አልነበረም።

በጸደይ የወደቀ ሁሉ አልቀረም

ልጆቻቸው አንድ ፈተና በመውደቃቸው ተስፋ የቆረጡ ወላጆች ደግሞ ተንደር ስኖው የተባለውን የጎዶልፊን ፈረስ ያስታውሱ። በ2017 በዱባይ «ዩ.ኤ.ኢ. ደርቢ»ን አሸንፎ ወደ ኬንታኪ ተጓዘ። በሩ ተከፍቶ ውድድሩ እንደተጀመረ መፈናጠርና መራገጥ ያዘ። ጋላቢው ወዲያው አቆመው፤ ከውድድሩም ወጣ። በዓለም ፊት መሳቂያ ሆነ ማለት ይቻላል። ጉዳት ግን አልደረሰበትም። በ2018 የዱባይን የዓለም ዋንጫ አሸነፈ፤ በ2019ም ደገመው። ያን ዋንጫ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው እርሱ ነው።

የጃፓኑ ፎረቨር ያንግም እንዲሁ ነው። በ2024 ደርቢ ሦስት ፈረሶች በአፍንጫ ተለያይተው ሲገቡ ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። በ2025 ግን በሪያድ የሳዑዲን ዋንጫ፣ በኖቬምበር ደግሞ በአሜሪካ «ብሪደርስ ካፕ ክላሲክ»ን አሸነፈ።

ስለ ውርርዱስ?

ወላጆች የሚሸሹበት ምክንያት እውነት ነው። የአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም የሚተዳደረው በአብዛኛው ከውርርድ በሚገኝ ገንዘብ ነው። የተመልካች ውርርድ ደግሞ ቁማር ስለሆነ ለሙስሊም ሐራም ነው፤ «ትንሽ ብር ናት» ወይም «ለጨዋታ ነው» ማለት ሐራሙን አይለውጠውም። ይሁንና እሽቅድምድሙ ራሱ ከውርርድ ጋር የግድ የተጣበቀ አይደለም። የዱባይ የዓለም ዋንጫ በ1996 ሲጀመር በሜዳው ውርርድ አልነበረም። ዑለማዎችም በፈረስ እሽቅድምድም ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው ለአሸናፊው የሚሰጠውን ሽልማት ፈቅደዋል።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን ያወዳድሩ እንደነበር አስተላልፈዋል። ለውድድር የሠለጠኑት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ፣ ያልሠለጠኑት ደግሞ ከሠኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ይሮጡ ነበር። የመጀመሪያው ርቀት አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛው አንድ ማይል ያህል እንደነበር ተገልጿል። ልብ በሉ፤ ሁሉም በአንድ መስመር አልተሰለፉም። ለተዘጋጀው ረዥሙ፣ ላልተዘጋጀው አጭሩ ተሰጠው። ዛሬ ሐኪሞችና አሰልጣኞች የሚከራከሩበት ጉዳይ ሥሩ ይኸው ነው፤ ሸክሙ በአቅም ልክ ይሁን የሚለው።

ለወጣቶች አንድ ሥራ

መከታተል ለምትፈልጉ ወጣቶች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሳንቲም የማይጠይቅ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ከጃንዋሪ ጀምራችሁ አምስት ፈረሶች ምረጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጡና ከየውድድሩ በኋላ አራት ነገሮች መዝግቡ።

አንደኛ፣ ካለፈው ውድድር ስንት ቀን አረፈ? ሁለተኛ፣ ርቀቱ ጨመረ ወይስ ያው ነው? ሦስተኛ፣ ያሸነፈው ከፊት እየመራ ነው ወይስ ከኋላ መጥቶ? ከፊት ያለ ተቀናቃኝ የመራ ፈረስ በ20 ፈረሶች መካከል ያን ምቾት አያገኝም። አራተኛ፣ በመጨረሻው 200 ሜትር እየተጠናከረ ነው ወይስ እየደከመ? ሦስተኛ ወጥቶ እየተጠናከረ የጨረሰ ፈረስ፣ አንደኛ ወጥቶ እየተንገዳገደ ከጨረሰው የተሻለ ተስፋ ሊኖረው ይችላል።

በደርቢው ዋዜማ አንድ ተጨማሪ ገጽ ክፈቱና የቀሩትን ጻፉ። ማን ቀረ? ለምን ቀረ? ያቆመው ማን ነው? ባለቤቱ፣ አሰልጣኙ፣ ሐኪሙ ወይስ ጉዳቱ ራሱ? ይህን ገጽ ጋዜጦች በትንሽ ፊደል ነው የሚያትሙት። እኔ ግን ከአሸናፊው ገጽ ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ ከፈረስ ይከብራል፤ ንጽጽሩንም በዚህ መጠን ተረዱልኝ። በአንድ ቀን ትምህርት ቤት፣ ቁርኣን፣ የቋንቋ ኮርስና የኮምፒውተር ትምህርት የተደራረበበት ልጅ አለ። አንደኛ ካልወጣ እራት የማይጣፍጠው ልጅም አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ማለዳ ተነስቶ መኖው ማለቁን የሚያይ፣ እግሩን የሚዳብስ ማን ነው? ስናበረታታቸው ደስ ይለናል፤ ዘመድ ያመሰግነናል፤ ስናሳርፋቸው ግን የሚያጨበጭብልን የለም። ደፋር ወላጅ የሚታወቀው ግን በዚያ ጭብጨባ በሌለበት ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁን ስለ ውጤቱ ከመጠየቃችሁ በፊት እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱሁ።